ሰባት ነጠላ ካልሲ አለኝ፤ ሁለተኛውን እንዴት ነው የምትጨርሱት?

ነጠላ_ካልሲ | ኅዳር 5፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን አይታችሁ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ልሸጥ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ፤ ጉዳዬ እግር ላይ የሚጠለቀው ካልሲ ነው።

የምኖረው ጀርመን፣ ኑርንበርግ ነው። ሹራብ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ አገር ካልሲ በእጅ መሥራት ማንንም አያስገርምም፤ ባቡር ውስጥ ይሠራል፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ይሠራል፣ ብርዱ ሲቃረብ ሱፐርማርኬቱ ሳይቀር የካልሲ ክር ይደረድራል። እኔም የገባሁበት በዚያ መንገድ ነው። ወተት ልገዛ ወጥቼ ክር ይዤ ተመለስኩ፤ ባለቤቴ ወተቱ የታለ ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ መሳቢያ ሳስተካክል ሰባት ካልሲ አገኘሁ። ሰባቱም ነጠላ ናቸው። ግራጫው ለባለቤቴ የተጀመረ ነው። ቀዩ ለእናቴ ነው፤ ደብረ ታቦር ሌሊት ለኪዳን ስትሄድ ጫማዋን አውልቃ የምትቆምበት ወለል አጥንት ሰርስሮ ይገባል እያለች ሁልጊዜ ትነግረኛለች። አረንጓዴው ለማን እንደነበረ ረሳሁት። የመጀመሪያውን ስሠራ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ተረከዙ እንዴት ይታጠፍ ይሆን፣ ጣቱ እንዴት ይዘጋ ይሆን እያልኩ እስከ ሌሊት እቀመጣለሁ። ለሁለተኛው 64 ዐይን መርፌ ላይ ስደረድር ግን እጄ ይዝላል። መልሱን አስቀድመው ከነገሩኝ በኋላ «እንቆቅልሽ» ብለው «ምን አውቅልህ» በይ እንደመባል ነው።

ሌላም ችግር አለብኝ። ተረከዙን ጨርሼ ወደ ዙር ስመለስ፣ ከቁርጭምጭሚት በታች በግራና በቀኝ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይቀርብኛል። ክሩ 75 በመቶ ሱፍ፣ 25 በመቶ ናይሎን ነው፤ 100 ግራሙ 420 ሜትር። መርፌው 2.5 ሚሊ ሜትር፣ አምስት ሆኖ የሚሸጠው ዓይነት።

«ዐይን» ያልኩት መርፌው ላይ የሚቀመጠውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት ነው። ሙያውን የተማርኩት በጀርመንኛ ስለሆነ የአማርኛ ቃላቱን አላውቃቸውም። የምታውቁ ንገሩኝ።

የወይራ_እንጨት | ኅዳር 5፣ ከምሽቱ 4፡45

«ዐይን» ጥሩ ነው፤ የወንፊት ዐይን እንደምንለው። እኔ ጠፍጣፋውን «ፊት»፣ እብጥ ያለውን «ጀርባ» እለዋለሁ። ማፍረሱ «መተርተር» ነው፤ ይህን ቃል ማንም ሊያስተምረኝ አይገባም፤ ከሠራሁት የተረተርኩት ይበዛል።

አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነኝ። ፋርማሲ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ መርፌዬን አወጣለሁ። አዎ፣ ወንድ ነኝ። ጥያቄውን አስቀድሜ ልመልስ ብዬ ነው። አባቴ ሹራብ መሥራት የተማረው በደርግ ጊዜ እስር ቤት ነው። ሲፈታ ይዞት የወጣው አንድ ሹራብና ከወይራ እንጨት የተጠረበ ሁለት መርፌ ነበር። መርፌዎቹ አሁንም አሉ፤ ለካልሲ ግን ይወፍራሉ።

ስለ ሁለተኛው ካልሲ፦ በሽታው የሁላችንም ነው። እኔ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ። የሁለቱን አንገት እሠራለሁ፣ ከዚያ የሁለቱን ተረከዝ፣ ከዚያ የሁለቱን ጣት። ትርፍ መርፌ ይጠይቃል፤ ግን «ጨረስኩ» ብዬ የምዘናጋበት ቦታ የለም። ስለ ቀዳዳው የሚያውቅ ሰው ይመልስ፤ የእኔም ይቀደዳል።

ልቃቂት | ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 12፡10

ቀዳዳው የእጅሽ ጥፋት አይደለም። የተረከዙን ግድግዳ (ጀርባውን የሚሸፍነውን ቁራጭ) 32 ረድፍ ወደ ታች ስትሠሪ፣ በእግሩ ፊት በኩል ያሉት 32 ዐይኖች ሌላ መርፌ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሁለቱ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ አንድ ክር ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሳባል፤ ይላላል። ቀዳዳ ያልሽው ያ ነው።

እንዲህ አድርጊ። በግድግዳው ጠርዝ የሰንሰለት መልክ ያለው 16 ዐይን ታገኛለሽ። እሱን ስታነሺ 16 ላይ አታቁሚ። ማዕዘኑ ላይ፣ በግድግዳውና በፊቱ መካከል ከተዘረጋው ክር 17ኛውን አንሺ፤ ሲነሣ ጠምዝዘሽ ሥሪው፤ ካልተጠመዘዘ እሱ ራሱ ሌላ ቀዳዳ ይሆናል። በሚቀጥለው ዙር 17ኛውን ከጎረቤቱ ጋር ሁለቱን አንድ አድርጊ።

ሒሳቡን ልስጥሽ። ተረከዙ ታጥፎ ሲያልቅ 18 ዐይን ይቀራል። ከግራ 17፣ ከቀኝ 17፣ ከፊት 32፤ ድምሩ 84። ሁለቱን ትርፎች ስታጠፊ 82 ይሆናል። ከዚያ አንድ ዙር እየዘለልሽ ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ ቀንሺ። ዘጠኝ ጊዜ ስትቀንሺ 64ሽ ይመለሳል። በጎን በኩል የሚወጣውን ሦስት ማዕዘን እኛ ሽብልቅ እንለው ነበር።

ነጠላ_ካልሲ | ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 2፡05

ተባረኪ! ትናንት ማታ አረንጓዴው ላይ ሞከርኩት (ያለቀውን እስከ ተረከዙ ተርትሬ ማለቴ ነው፤ ባለቤቴ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ያየኝ ነበር)። ቀዳዳው የለም። በብርሃን ፊት ይዤ አየሁት፤ ከግራ ትንሽ ጥብቅ ያለ ነጥብ ይታያል እንጂ ቀዳዳ የለም። ሽብልቅ የሚለውንም ቃል ወስጃለሁ። የሚገርመው፣ ጀርመኖቹም የተረከዙን ቁራጭ ግድግዳ ነው የሚሉት።

ተመልካች_1 | ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 4፡30

ይቅርታ አድርጉልኝና ካልሲ በየመንገዱ ሦስት ጥንድ ታስሮ ይሸጣል። አንዱን ለመሥራት ሁለት ሳምንት መቀመጥ ሥራ መፍታት አይደለም ወይ?

ነጠላ_ካልሲ | ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 4፡52

በዋጋ ከሆነ ልክ ነህ፤ አልከራከርህም። ለአንድ ጥንድ የማወጣው የክር ዋጋ ብቻ የሱቁን ሦስት አራት ጥንድ ይገዛል። አንድ ጊዜ ተቀምጬ ቆጥሬዋለሁ። አንገቱ፣ እግሩ 60 ዙር፣ ግድግዳው፣ ሽብልቁ፣ ጣቱ፤ ተደምሮ በአንድ ካልሲ ከ10 ሺህ ዐይን ያልፋል። ጥንዱ ከ20 ሺህ በላይ ነው። ለዚህም ነው ሁለተኛው የሚያቅተኝ።

ልቃቂት | ኅዳር 8፣ ከጠዋቱ 1፡00

ተመልካች፣ ሥራ መፍታት የሚባለውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ቤት ተቀምጬ፣ የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ውለው እስኪመጡ ቴሌቪዥን ባይ ነበር ሥራ መፍታት የሚሆነው።

71 ዓመቴ ነው። የእግር ሹራብ የተማርኩት አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህርታችን የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ ቀጭን መርፌ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኛ ምን እናድርግ? ወንድሜ ከብስክሌት ጠጋኝ የተጣለ ራጂ (የጎማውን ቀጭን የብረት ዘንግ) ለቅሞ ያመጣልኝ ነበር። ጠማማውን በድንጋይ ላይ ቀጥቅጠን እናቃናለን፤ አምስቱን እኩል እንቆርጣለን፤ ጫፉን በሞረድ እናሾላለን፤ ከዚያ ክር እንዳይዝ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ እንፈትገዋለን። እጅ ላይ የብረት ሽታ ይተዋል። ውፍረቱ ልክ ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር፤ ዛሬ ሱቅ ገብቼ 2 ሚሊ ሜትር መርፌ ሲሰጡኝ «ራጂ» እያልኩ ነው የምገዛው።

የወይራ_እንጨት | ኅዳር 8፣ ከቀኑ 9፡15

እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በልቤ «ይቺ እኅታችን ሒሳብ አስተማሪ ሳትሆን አትቀርም» ስል ነበር። ከእንግዲህ በእርስዎ ነው።

ልቃቂት | ኅዳር 8፣ ከቀኑ 9፡40

ሒሳብ ሹም ነበርኩ፤ ብዙም አልሳትክ። እትዬ በለኝ፤ እማማ ለመባል ትንሽ ቆይ።

እንዝርት | ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6፡30

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ነኝ። እዚህ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ ውርጩ ጀምሯል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ የካልሲ ነገር ለእኔ ቀልድ አይደለም።

የፋብሪካ የካልሲ ክር አይተን አናውቅም። የመንዝ በግ ፀጉር ግን አለ። አያቴ ለባናና ለበርኖስ የሚሆን ሱፍ ስትፈትል ያደግኩ ስለሆነ እኔም በእንዝርት እፈትላለሁ። ለካልሲ ሁለት ፈትል በተቃራኒው አጣምሬ እገምዳለሁ፤ ነጠላው ፈትል ቶሎ ይበጠሳል። ካልሲው ይሞቃል፤ ተረከዙም አይበሳም። ነገር ግን ይኮሰኩሳል። አባቴ «እሾህ ላይ ቆሜ ነው የዋልኩት» ብሎኝ ያውቃል። ከሥር ስስ የጥጥ ካልሲ ሲያደርግበት ተሻለው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ጥንድ በሙቅ ውኃና በሳሙና አሽቼ አጠብኩት። የአዋቂ ካልሲ ገባ፣ የአራት ዓመት ልጅ ካልሲ ወጣ። ጥቅጥቅ ብሎ እንደ በርኖስ ሆነ። የጎረቤት ልጅ ወሰደው። ነጠላ_ካልሲ፣ አንቺ የምትጠቀሚበት በማሽን እየታጠበ እንዴት ነው የማይጨማደደው?

ነጠላ_ካልሲ | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡50

እኅቴ፣ ሁለት ጥንድ የጨረሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ቀናሁብሽ።

የሱፍ ፀጉር በጣም አጉልተው ሲያዩት እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነገር አለው። ሙቀት፣ እርጥበትና ማሸት ሲገናኙበት ቅርፊቱ ይከፈትና አንዱ ፀጉር በሌላው ላይ ይነክሳል፤ ከዚያ ወደ ኋላ አይመለስም። በማሽን የሚታጠበውን ክር ፋብሪካ ውስጥ በክሎሪን ቅርፊቱን ያለሰልሱትና ብዙ ጊዜ በጣም ስስ በሆነ ሙጫ መሰል ነገር ይለብጡታል። ስለዚህ አይናከስም። ናይሎኑ ደግሞ ተረከዙ ቶሎ እንዳይሳሳ የሚጨመር ነው።

የአንቺን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፊው፣ ሳትጠመዝዢ በፎጣ ጠቅልለሽ ርገጪው፣ አግድመሽ አድርቂው። በሙቅና በቀዝቃዛ እያፈራረቁ ማጠብም መጥፎ ነው።

እንዝርት | ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 2፡20

በእንዶድ አጥቤ ሞከርኩት፤ በቀዝቃዛ፣ ሳላሽ። መጠኑ አልተቀየረም፤ የበጉ ሽታም ለቀቀ። መኮስኮሱ ግን እንዳለ ነው። በጉን አማርሮ በጉን መቀየር አይቻልም።

የወይራ_እንጨት | ኅዳር 12፣ ከሌሊቱ 9፡00

ክር አይገኝም ለምትሉ የአዲስ አበባ ሰዎች ዘዴዬን ልንገራችሁ፤ ዛሬ ሌሊት ሰው የለም፣ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ሰልባጅ ተራ እሄዳለሁ። የምፈልገው ሹራብ ሳይሆን ክር ስለሆነ፣ እጀታው የተበላ፣ ቡና የፈሰሰበት ቢሆን ግድ የለኝም፤ እንዲያውም ዋጋ ያስቀንሳል። መጀመሪያ ገልብጬ የጎኑን ስፌት አያለሁ። ጠርዙ በማሽን ተቆርጦ በክር የተዘመዘመ ከሆነ አልገዛም፤ ስትተረትሩት በየረድፉ የተበጣጠሰ ቁርጥራጭ ነው የሚወጣው። ጠርዙ ሳይቆረጥ በሰንሰለት ስፌት የተያያዘ ከሆነ ግን አንዷን ክር አግኝታችሁ ስትስቧት ጎኑ በሙሉ እንደ ከረጢት አፍ ይከፈታል። ያ ድምፅ ደስ ይለኛል።

የተለጠፈበት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተቆርጧል፤ ስለዚህ ከውስጥ ትንሽ ክር መዝዤ ሻጩን አስፈቅጄ በክብሪት አቃጥላለሁ። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ዶቃ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጊዜ አንድ ሻጭ «ወንድሜ፣ ልትገዛ ነው ልታቃጥል?» ብሎኛል።

ቤት ሲደርስ ከአንገቱ ጀምሬ እተረትራለሁ። የተተረተረው ክር እንደ ኑድል የተጠማዘዘ ስለሆነ ወዲያው አትሥሩበት። የወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልሉት፣ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለብ ባለ ውኃ ንከሩት፣ ከታች ማንኪያ ወይም ትንሽ ኩባያ አንጠልጥላችሁ አድርቁት። ሲደርቅ ይቃናል። ከአንድ የትልቅ ሰው ሹራብ ሦስት ጥንድ ካልሲ አውጥቻለሁ። ናይሎን ስለሌለው ተረከዙ ላይ ስስ የልብስ ስፌት ክር አብሬ እይዛለሁ።

የማርያም_መቀነት | ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 5፡10

ከዱባይ ነኝ። ዱባይ ውስጥ የሱፍ ካልሲ ማን ይለብሳል ትሉ ይሆናል፤ የምሠራበት ቤት ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ስለማይጠፋ እኔ እለብሳለሁ። የቀረውን አገር ቤት ለሚገቡ ሰዎች እሰጣለሁ።

ስሜ እንደሚነግራችሁ የምወደው ራሱ ቀለሙን እየቀያየረ የሚሄደውን ክር ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሁለቱ ካልሲዎች መስመራቸው አልገጥም ይለኛል፤ አንዱ በሰማያዊ ይጀምራል፣ ሌላው በብርቱካን። ሁለተኛ፣ ጣቱን ስዘጋ በስፌት ስለምሰበስበው ጉብታ ይሠራል፤ ጫማ ውስጥ ጥፍሬን ይጫነኛል።

የወይራ_እንጨት | ኅዳር 14፣ ከሌሊቱ 8፡30

መስመሩን ለማግጠም፦ የመጀመሪያውን ስትጀምሪ ከየትኛው ቀለም ወደ የትኛው ሲሻገር እንደጀመርሽ ጻፊ። ለሁለተኛው ልቃቂቱን ያንኑ ቦታ እስክታገኚ ፍቺና የተረፈውን ቆርጠሽ አስቀምጪ፤ ለመጠገኛ ይሆናል። የክር ብክነት አለው። እኔ ብሆን ሳይገጥም እተወው ነበር።

ልቃቂት | ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 12፡40

ጣቱን በስፌት አትሰብስቢ። 16 ዐይን ከፊት፣ 16 ከኋላ ሲቀርሽ በሁለት መርፌ ትይዩ አድርገሽ ያዥ፣ ክሩን ረዘም አድርገሽ ቁረጪ፣ በልብስ ስፌት መርፌ አንድ ረድፍ እየሠራሽ አገጣጥሚያቸው። ስፌቱ አይታይም፣ አይቆረቁርም። የእንግሊዞቹ ሰዎች ይህን ዘዴ «ኪችነር» ይሉታል። ስሙ የመጣው ከሎርድ ኪችነር ነው ይባላል፤ መተማ ላይ አፄ ዮሐንስን የገደሉትን ደርቡሾች በ1898 እ.ኤ.አ. ኦምዱርማን ላይ የመታቸው ያው ኪችነር። የጦር አዛዥ ስም የካልሲ ጣት ላይ መቅረቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። እኔ እንደ ልጆች መዝሙር ነው የያዝኩት፤ ለፊተኛው መርፌ የመጀመሪያው፣ ለኋለኛው ሁለተኛው፦

ፊት ውረድ፣ ጀርባ ቆይ፤
ጀርባ ውረድ፣ ፊት ቆይ።

ማለትም ከፊተኛው መርፌ አንዱን እንደ ፊት ወግተሽ ታወርጂዋለሽ፣ ቀጣዩን እንደ ጀርባ ወግተሽ እዚያው ትተዪዋለሽ። ከኋለኛው ግልባጩን። ከመጀመርሽ በፊት የፊተኛውን የመጀመሪያ ዐይን እንደ ጀርባ፣ የኋለኛውን እንደ ፊት አንድ አንድ ጊዜ ወግተሽ ሳታወርጂ አሳልፊ። ስትሠሪ ማንም አያናግርሽ።

አንድ ሐሳብ አለኝ። ነጠላ_ካልሲ ብቻዋን ስለሆነች ነው ሁለተኛው የሚያቅታት። ቅዳሜ በቪዲዮ ተገናኝተን ሁላችንም ሁለተኛውን አብረን እንጀምር። በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 3።

ነጠላ_ካልሲ | ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2፡15

ቅዳሜ የሆነውን ላልነበራችሁ ልንገር። መጀመሪያ እኔ «3 ሰዓት» የሚለውን ብቻ አንብቤ ከቀኑ በፈረንጅ ሦስት ሰዓት ቡና አፍልቼ ተቀመጥኩ። ማንም የለም። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቄ ተነሣሁ። በኋላ ስንቆጥረው፣ ለአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ማለት ለእኔ ከምሽቱ 1፣ ለዱባይ ከምሽቱ 4፣ ለእትዬ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ጀርመን ኖሬ አሁንም ሰዓት ላይ እወድቃለሁ።

ካሜራውን ሁላችንም እጃችን ላይ ስላደረግነው የማንንም ፊት አላየሁም። የእትዬን እጅ ግን አልረሳውም። ክሩን በቀኝ እጃቸው ወርውረው ያሳልፋሉ፤ እኔ እንደ ጀርመኖቹ በግራ ጣቴ ላይ አሳልፌ በመርፌ ነው የምጎትተው። የእኔ ይፈጥናል፣ የእሳቸው እኩል ይወጣል። ከሚያወሩት ጋር እጃቸው ምንም ግንኙነት የለውም፤ ስለ ልጅ ልጃቸው ጥርስ እያወሩ ተረከዝ ያጥፋሉ።

የወይራ_እንጨት 12 ዙር ሠርቶ «ምንድን ነው ይኼ?» አለ። 64ቱን ሲያገናኝ ጠርዙ ተጠማዝዞበት ነበር፤ ክቡ አንድ ጊዜ ዞሮ እንደ ተጠማዘዘ ቀበቶ ሆኗል። ይህ አይቃናም፤ መድኃኒቱ መተርተር ነው። ተረተረው። ከጉለሌ ውሻ ሲጮኽ ይሰማ ነበር፤ ማንም አልተናገረም። እንዝርት መብራት ጠፍቶባት አቋርጣ ነበር፤ በሻማ ስድስት ዙር ሠርቼ አደርኩ ብላ ጽፋልኛለች።

እኔ አንገቱን ጨረስኩ። ቀዩን፣ የእናቴን።

የወይራ_እንጨት | ኅዳር 20፣ ከሌሊቱ 8፡50

ተጠማዝዞ ስለመተርተሬ ተጨማሪ አስተያየት አልቀበልም።

ሌሊት ስለ ካልሲ ሳነብ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ለንደን ባለው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከግብፅ፣ ከኦክሲሪንኩስ የተገኘ ቀይ የሱፍ ካልሲ አለ፤ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ጣቱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አውራ ጣቱ ለብቻው ነው፣ ማሰሪያ ያለው ነጠላ ጫማ አብሮ እንዲጠለቅ። የተሠራው እንደ እኛ በሹራብ መርፌ ሳይሆን በአንድ የስፌት መርፌ፣ ክሩን እየቋጠሩ ነው። በሹራብ መርፌ የተሠሩት ጥንታውያኑ ቁርጥራጮችም የተገኙት ግብፅ ውስጥ ነው፤ ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ካልሲዎች።

በሙዚየሙ ፎቶ ላይ ሁለቱም አሉ። ጥንድ ነው። ነጠላ_ካልሲ፣ ይህን የምጽፈው ላንቺ ነው።

የማርያም_መቀነት | ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 5፡30

ፊት ውረድ፣ ጀርባ ቆይ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ በአራተኛው ገጠመ። ጣቱ ላይ እጄን ሳሳልፍ የት እንደተዘጋ አላገኘሁትም። እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መስመሩ አልገጠመም፤ ተውኩት።

ነጠላ_ካልሲ | ጥር 2፣ ከምሽቱ 3፡00

ቀዩ ጥንድ ሆነ። ታኅሣሥ 18 ጨርሼ፣ ለገና አገር ቤት ለሚገባ ሰው ሰጠሁ። ከማሸጌ በፊት አንዱን በአንዱ ላይ ሳስተኛው ሁለተኛው በአራት ዙር ይረዝማል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወሬው ሲጥም ቆጠራ ትቼ ነበር መሰለኝ። ልተርትረው አሰብኩ። ከዚያ መሳቢያው ውስጥ ያሉትን ስድስቱን አሰብኩና አሸግኩት።

እናቴ ትናንት ደወለች። ለኪዳን ለብሳው ሄዳ፣ አጠገቧ የቆሙት ሴት እስከ ቅዳሴው መጨረሻ እግሯን ሲያዩ እንደነበር ነገረችኝ። አንዱ ረዘም አላለብሽም ወይ ስላት «ቀኝ እግሬ ድሮም ይበልጣል» አለችኝ። ለእኚያ ሴትም አንድ ጥንድ ታዛለች፤ ቁጥር 38፣ ጥቁር።

ሁለት ጥቁር ልቃቂት ገዝቻለሁ። ሁለቱንም አንገት ዛሬ እጀምራለሁ።

አዲስ_ጀማሪ | ጥር 6፣ ከቀኑ 8፡20

ሰላም። ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። አዲስ አበባ ነኝ፣ 2.5 መርፌ አምስቱን የት ላገኝ እችላለሁ? ያየኋቸው ሱቆች ከ4 በታች የላቸውም።

የወይራ_እንጨት | ጥር 6፣ ከሌሊቱ 9፡10

እኔም የማገኘው ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው። ወንድም ካለሽ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ላኪው።

ልቃቂት | ጥር 7፣ ከጠዋቱ 12፡30

ራጂው 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 64 ይጠብብሻል፤ 72 አድርጊው። የጫፉን ሁለቱንም በኩል ሞርጂ፤ አንዱን ብቻ ሞርደሽ እንዳትጀምሪ።